ከሎምብሮዞ የራስ ቅል በፊት የጌሪ ካርታ ነበር፤ ታዲያ የራስ ቅሉ እንዴት አሸነፈ?

ሰነድ አገላባጭ

ሰላም ለሁላችሁም።

ስለ ወንጀል መንስኤ ለሕግ ተማሪ የሚታደለውን ሃንድአውት ያነበበ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይወጣዋል። መጀመሪያ ሰይጣንና ርኩስ መንፈስ፣ ቀጥሎ ሰው አመዛዝኖ ያጠፋል የሚሉት ቤካሪያና ቤንታም፣ ከዚያ ወንጀለኛ በአፈጣጠሩ ይለያል የሚሉት ጣሊያናዊው ሐኪም ሎምብሮዞና ተከታዮቹ፣ በመጨረሻ ማኅበረሰቡን የሚያጠኑት። አንዱ ተሽሮ ሌላው የሚነግሥበት የዘውድ ታሪክ ይመስላል።

ዓመቶቹን ግን አንድ በአንድ ደርድሯቸው፤ የምጽፈው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሎምብሮዞ ስለ ወንጀለኛው ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 ነው። የፈረንሳይ ፍትሕ ሚኒስቴር ግን ከ1827 ጀምሮ በየዓመቱ ስንት ሰው እንደተከሰሰ፣ በምን እንደተከሰሰ፣ የት አካባቢ እንደሆነ፣ ዕድሜውንና ጾታውን ሳይቀር የያዘ ዘገባ ያወጣ ነበር። በዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ሥራ ጀመሩ።

አንዱ አንድሬ ሚሼል ጌሪ የሚባል የፓሪስ ጠበቃ ነው። 86ቱን የፈረንሳይ ክፍለ ግዛቶች ወንጀል በበዛበት አጥቁሮ፣ ባነሰበት አንጥቶ በካርታ ላይ አስቀመጣቸው። መጽሐፉ በ1833 ወጣ። በዘመኑ የተማረው ሁሉ «ወንጀልን የሚወልዱት ድህነትና መሃይምነት ናቸው» ይል ነበር። ካርታው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ስርቆትና ማጭበርበር የበዛው ሀብታም በሆነው፣ ፋብሪካ በተከፈተበት፣ ማንበብና መጻፍ በተስፋፋበት ሰሜን ነበር። በሰው አካል ላይ የሚፈጸመው ወንጀል ደግሞ በደቡብ፣ ከሁሉም በላይ በኮርሲካ ደሴት ይበዛል። የሚሰረቅ ነገር ባለበት ሌባ አለ ማለት ነው። ይህን ለማየት የማንም ጭንቅላት መለካት አላስፈለገም።

ሁለተኛው ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። የሰማይ ከዋክብት ተመራማሪ ስለነበር ዓይኑ ድግግሞሽ ማየት ለምዷል። ከ1826 እስከ 1829 ባሉት ዓመታት በፈረንሳይ ከባድ ወንጀል ችሎቶች የተከሰሱት ሰዎች በየዓመቱ 7,000 አካባቢ ናቸው፤ ጥፋተኛ የሚባሉትም በየዓመቱ ከ100ው 61 ወይም 62። ሰዎቹ ተለዋወጡ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የወንጀል ዝንባሌው 25 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ላይ ይበረታል፣ በንብረት ላይ የሚፈጸመው በብርዱ ወራት ይጨምራል፣ በሰው ላይ የሚፈጸመው በሙቀቱ ወራት። ኬትሌ በ1835 ባሳተመው ሥራው ለወህኒና ለመስቀያ የሚከፈለው «በጀት» ከመንግሥት ግብር ይልቅ በመደበኛነት እንደሚከፈል ጻፈ፤ ኅብረተሰቡ ወንጀሉን ያዘጋጀዋል፣ ወንጀለኛው የሚፈጽምበት እጅ ነው አለ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። ይህ ሁሉ በእጃቸው እያለ ከ40 ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም የአንድ ሟች የራስ ቅል ይዞ ተነሳና ዓለም ሁሉ ተከተለው። ለምን?

የእኔ መልስ ይህ ነው። ካርታው መንግሥትን ይጠይቃል፤ የራስ ቅሉ ግን የሚጠይቀው ሟቹን ብቻ ነው። ጣሊያን በ1861 ከተዋሐደች በኋላ የሰሜኑ ሠራዊት በደቡብ ከሸፈቱት ገበሬዎች ጋር ዓመታት የፈጀ ጦርነት ገጠመ። ገበሬው ለምን ሸፈተ? መሬት ስላጣ፣ ግብር ስለከበደበት፣ ውትድርና ስለተጫነበት ነው ማለት ይቻላል። ወይም «አፈጣጠሩ ነው» ማለት ይቻላል። ሎምብሮዞ የሰሜን ሰው ነው፣ ቬሮና የተወለደ፤ በካላብሪያም የጦር ሐኪም ሆኖ አገልግሏል። ሁለተኛው መልስ ለማን እንደሚመች ለመገመት አያስቸግርም።

ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

---

ሦስተኛ ዓመት ሕግ

እናመሰግናለን። እኛ ሃንድአውት ላይ ጌሪና ኬትሌ በአንድ መስመር ነው ያለፉት፣ «ካርቶግራፊክ ስኩል»፣ የካርታው ጎራ ተብለው። ሎምብሮዞ ብቻውን አራት ገጽ ተሰጥቶታል፤ የመንጋጋው ትልቀት፣ የጆሮው ቅርጽ፣ ንቅሳቱ ሁሉ ተዘርዝሯል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤካሪያ «የወንጀል መንስኤ ነጻ ፈቃድ ነው፣ ሰው ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ይወስናል» ብሏል ተብለናል። ይህ ትክክል ነው ወይስ እሱም እንደዚሁ ተቆራርጦ ነው የደረሰን?

---

ጠበቃ ዘሐዋሳ

ወንድሜ ሦስተኛ ዓመት፣ ጥሩ ጠየቅህ። ቤካሪያ የተነሳበት ጥያቄ «ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል?» የሚል አልነበረም። «ዳኛ ይህን ሁሉ ሥልጣን ከየት አመጣው?» የሚል ነበር።

ዘመኑን አስበው። በ1762 በቱሉዝ ከተማ ዣን ካላስ የሚባል ፕሮቴስታንት ነጋዴ «ልጅህ ካቶሊክ እንዳይሆን ገድለኸዋል» ተብሎ በመንኮራኩር ላይ አጥንቱ ተሰባብሮ ሞተ። በ1765 ንጹሕ ነው ተባለ። ሚላን ውስጥ ደግሞ ምርመራ ማለት ተከሳሹ እስኪያምን ማሰቃየት ነበር። ቤካሪያ የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ከቬሪ ወንድማማቾች ጋር ሆኖ ይወያያል፤ አንደኛው ወንድም አሌሳንድሮ በሚላን የእስረኞች ጠባቂ የሚባል ሹመት ስለነበረው በወህኒ ቤት ያየውን ይዞላቸው ይመጣል። መጽሐፉ በ1764 ሊቮርኖ ላይ ታተመ፤ የደራሲው ስም የለበትም። በ1766 ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር አስገባችው፤ በዚያው ዓመት ቮልቴር ማብራሪያ ጻፈለት። የቶስካና ገዢ ሊዮፖልድ በ1786 የሞት ቅጣትን ሲሰርዝ የዚህ ቀጭን መጽሐፍ አሻራ ነበረበት።

ስለ ማሰቃየት ያቀረበው ክርክር እስከ ዛሬ አፍ ያስዘጋል። በስቃይ የሚገኝ ቃል የሚለካው እውነትን ሳይሆን ጡንቻን ነው። ጠንካራው ወንጀለኛ ችሎ ነጻ ይወጣል፣ ደካማው ንጹሕ አምኖ ይቀጣል። ንጹሑ ሁልጊዜ ይከስራል፤ ቢያምን ይፈረድበታል፣ ባያምን ያላጠፋውን ስቃይ ተቀብሏል። ወንጀለኛው ግን ከቻለው ያተርፋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሰው ደስታና ሕመሙን ይመዝናል ማለቱ እውነት ነው፤ ቅጣት ከወንጀሉ ጥቅም ትንሽ በለጥ ካለ ይበቃል የሚለውም ከዚያ የመጣ ነው። በኋላ ቤንታም በ1789 በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ ሒሳብ አስመስሎ አሰፋው። ግን ቤካሪያ ስለ ስርቆት የጻፈውን ክፍል አንብበው። ስርቆት በአብዛኛው የችግርና የተስፋ መቁረጥ ወንጀል ነው ይላል፤ የንብረት መብት ባዶ ሕይወት ብቻ ያስቀረላቸው ምስኪኖች ወንጀል። መብቱንም «አስፈሪ፣ ምናልባትም የማያስፈልግ» ይለዋል። ይህን የጻፈ ሰው ስለ መንስኤ አላሰበም ማለት አይቻልም። ሃንድአውቱ ይህን ክፍል ይዘላል።

በየቀኑ ችሎት ስለምቆም አንድ ነገር ልጨምር። ቤካሪያ ወንጀልን የሚያስቀረው የቅጣት ጭካኔ ሳይሆን አይቀሬነቱና ፈጥኖ መምጣቱ ነው ይላል። ሞባይል ሰረቀ ተብሎ የተያዘ ልጅ አውቃለሁ። ምስክር አልመጣም ተብሎ ቀጠሮ፣ ዳኛ ስብሰባ ናቸው ተብሎ ቀጠሮ፣ መዝገቡ አልተገኘም ተብሎ ቀጠሮ። እናቱ ሥራ እየፈታች በየቀጠሮው ትመጣለች። ፍርዱ ሲሰጥ የታሰረበት ጊዜ ከተወሰነበት ቅጣት በልጦ ተገኘ። ያ ልጅ ከዚህ ስለ ሕግ ምን ተማረ? ቅጣቱና ጥፋቱ በአእምሮው ውስጥ እንዲገናኙ ከተፈለገ ሳይዘገይ መምጣት አለበት፤ ይህ የተጻፈው ከ250 ዓመት በፊት ነው።

---

ነዋሪነቴ ቱሪን

ስለ የራስ ቅሉ ስላነሳችሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው ሎምብሮዞ ባስተማረበት ከተማ ነው። በስሙ የሚጠራው የወንጀል አንትሮፖሎጂ ሙዚየም በ2009 እንደገና ተከፍቷል፤ ገብቼ አይቼዋለሁ።

የራስ ቅሎች በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። የሟች እስረኞች ፊት የተቀረጸበት የሰም ጭምብል አለ፤ አንዳንዱ ጢሙ ሳይቀር። ሎምብሮዞ ራሱ በኑዛዜው መሠረት አጽሙ እዚያው ቆሟል። ከሁሉም ይልቅ ዓይኔ የቀረው የሸክላ የውሃ ማሰሮዎቹ ላይ ነው። እስረኞቹ ጠባብ ክፍላቸው ውስጥ ሆነው ውሃ በሚጠጡበት ማሰሮ ላይ በሹል ነገር ስዕልና ጽሑፍ ጭረውበታል። የሚወዷት ሴት አለች፣ ስለ ፍርዳቸው ያማረሩበት አለ። ሎምብሮዞ እነዚህን ሰብስቦ መጽሐፍ ጽፎባቸዋል፤ እሱ የወንጀለኛ ባሕርይ ማስረጃ አድርጎ ነው ያነበባቸው። እኔ ያየሁት ወረቀት የተከለከለ ሰው ነው።

ያ ዝነኛ የራስ ቅልም አለ። የጁሴፔ ቪሌላ ነው፣ ከካላብሪያ ሞታ ሳንታ ሉቺያ የተባለች መንደር ሰው። ሎምብሮዞ ከኋላ በኩል በራስ ቅሉ ሥር አንድ ጎድጓዳ ስፍራ አገኘና ይህ በዝቅተኛ እንስሳት ላይ የሚታይ ነው፣ ወንጀለኛ ማለት ወደ ጥንት አውሬነት የተመለሰ ሰው ነው ብሎ ደመደመ። በኋላ ሲተርከው በተቃጠለ ሰማይ ሥር ሰፊ ሜዳ የተገለጠለት ያህል ነበር ይላል። ቪሌላን ሽፍታ ይለዋል፤ የተፈረደበት ግን በስርቆት ነው። የመንደሩ ሰዎች አጽሙ ይመለስልንና እንቅበረው ብለው ከሰሱ፤ በ2012 ተፈረደላቸው፣ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ራስ ቅሉ እስከ ዛሬ አልተቀበረም።

ለእኛ ለሀበሾች ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ሎምብሮዞ ከወንጀለኛው ሰው መጽሐፍ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1871፣ ስለ ነጭና ስለ ባለቀለም ሰው መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ ጥቁሩን ከመሰላሉ ታች አስቀምጦታል። ወንጀለኛው «ወደ ኋላ የተመለሰ» ሲባል የተመለሰው ወደ ማን እንደሆነ የሚነግረን ይህ ነው። ወደ እኛ ነው። የራስ ቅሉ እንዴት አሸነፈ ለሚለው ጥያቄ ይህንንም ጨምሩበት፤ አውሮፓ አፍሪካን ልትቀራመት በተነሳችበት ዘመን ሰውን በመሰላል የሚደረድር ትምህርት ገበያ ነበረው።

---

የአእምሮ ጤና ነርስ

ሁላችሁም የጻፋችሁትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ አንድ ሚዛን ግን የጎደለ መሰለኝ።

ክላሲካሉ ጎራ፣ የነቤካሪያ ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው እኩል ያመዛዝናል ብሎ ነው የሚነሳው። የፈረንሳይ የ1791 ሕግ ይህን ቃል በቃል ወስዶ ለእያንዳንዱ ወንጀል ቁርጥ ያለ ቅጣት ደነገገ፤ ዳኛው የተከሳሹን ሁኔታ አይቶ ዝቅ ከፍ የሚያደርግበት ቦታ አልነበረውም። እኔ በምሠራበት ክፍል የሰማሁት ድምፅ አዞኛል ብሎ ጎረቤቱን የመታ ሰው ገብቶ አይቻለሁ። ይህ ሰው ምን መዝኖ ነው የመታው? ቤካሪያ ለእሱ መልስ የለውም። ወንጀሉን ትታችሁ ሰውየውን እዩት ብሎ የጮኸው የሎምብሮዞ ጎራ ነው።

ደግሞም ሎምብሮዞ አንድ ቦታ አልቆመም። መጽሐፉ ከእትም ወደ እትም እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ ብዙ ቅጽ ሆነ፤ የአየር ጠባይን፣ የዳቦ ዋጋን፣ መጠጥን ሁሉ አስገባ። ከነአፈጣጠሩ ወንጀለኛ የሚለውንም ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ አካባቢ አወረደው። ይህን ሳይናገሩ መርገም ፍትሕ አይደለም።

---

ሰነድ አገላባጭ

እህቴ ነርስ፣ የ1791ዱን ሕግ ማንሳትሽ ተገቢ ነው። ፈረንሳዮችም ራሳቸው አይተውት በ1810 ሕግ ለዳኛው ዝቅተኛና ከፍተኛ ጣሪያ ሰጡት። ሰውየውን እዩት ማለት የጀመረው ግን ሎምብሮዞ አይደለም። ሐኪሞቹ ፒኔልና ኤስኪሮል በፓሪስ የአእምሮ ሕሙማንን ከሰንሰለት እየፈቱ በሽታን ከጥፋት መለየት የጀመሩት እሱ ከመወለዱ በፊት ነው። በእንግሊዝ የአእምሮ ሕመምተኛ ተከሳሽ ከኃላፊነት ነጻ የሚሆንበትን መለኪያ ያስወጣው የማክኖተን ጉዳይ በ1843 ሲወሰን ሎምብሮዞ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በክፍልሽ የተኛው ሰው ጠበቃ የሚሆኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ታማሚው ይታከማል፣ ሊድንም ይችላል። በአፈጣጠሩ ወንጀለኛ ለተባለው ግን ምን ይደረግለታል? ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ የወሰደው ራፋኤሌ ጋሮፋሎ ነው። ዳኛ ነበር፣ በ1885 «ክሪሚኖሎጂያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፣ ለርኅራኄና ለሐቀኝነት ስሜት የሌለውን ሰው ማስወገድ ተፈጥሮ የማይስማማውን ፍጥረት ከምታስወግደው ጋር አንድ ነው አለ።

በዘመኑ አልተቃወሙትም እንዳይባል ተቃውመውታል። በ1885 በሮም የመጀመሪያው የወንጀል አንትሮፖሎጂ ጉባኤ ሲከፈት የሊዮኑ የሕክምና መምህር አሌክሳንደር ላካሳኝ ተነስቶ ወንጀለኛው ተሐዋሲ ነው፣ ተሐዋሲው ደግሞ የሚያፈላው ነገር እስኪያገኝ ምንም አያደርግም፣ የሚያፈላው ኅብረተሰቡ ነው ብሎ ሞገተ። ማኅበረሰቦች የሚገባቸውን ወንጀለኛ ያገኛሉ የሚለው አባባል የእሱ ነው። በ1889 በፓሪሱ ጉባኤ 100 ወንጀለኛና 100 ጨዋ ሰው ጎን ለጎን ይለኩ ተባለ፤ ሥራው አልተሠራም። በ1892 ብራስልስ ላይ የሎምብሮዞ ሰዎች ሳይመጡ ቀሩ። ገብርኤል ታርድ የሚባለው የሳርላ ከተማ ዳኛም በመዝገብ ሲያልፉ ያያቸውን ሰዎች ይዞ ወንጀል እንደ ማንኛውም ሥራ አንዱ ከሌላው እያየ የሚማረው ነው አለ።

ልኬቱ በስፋት የተሠራው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ የወህኒ ቤት ሐኪም 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር አነጻጽሮ በ1913 አሳተመ። የወንጀለኛ የሚባል የአካል ዓይነት የለም፣ ቁመታቸውና ክብደታቸው ትንሽ አነስ ከማለቱ በቀር። ያ ነገሩን ሁሉ መቋጨት ነበረበት። አልቋጨውም። ጎሪንግ ራሱ ፊቱን ትቶ ወደ አእምሮ ማነስና ወደ ዘር ውርስ ዞረ። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት በ1907 ባወጣው ሕግ እንዳይወልዱ ከሚደረጉት ውስጥ «የለየላቸው ወንጀለኞች» ነበሩበት። ለዚህ ነው ሎምብሮዞ በኋላ አሻሽሏል የሚለው ክርክር የማያጽናናኝ። መጽሐፉ ሲወፍር ከውጭ የወሰዱት ቀጭኑን ነው።

---

ጡረተኛ ዳኛ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ረጅም ዘመን በወንጀል ችሎት ያስቻልኩ ሰው ነኝ። ስለ ሀገራችን ጥቂት ልበል።

እኛ ዘንድ ሌባሻይ ነበር። የታወቀ ነው፤ ስርቆት ሲፈጸም አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ራሱን ስቶ፣ ወገቡ በመቀነት ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ንብረት ይከፍላል፣ ይቀጣልም። እዚህ ላይ የአውሮፓው አጋንንት ዘመንና የእኛው ይመሳሰላሉ ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ጋ ማስረጃ የሚሰጠው ከሰው ውጭ ያለ ኃይል ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሌባሻይ ሌባው ማን እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ ሰው ለምን እንደሚሰርቅ አይጠይቅም።

በእኛ አቆጣጠር የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። እዚህ የምትከራከሩባቸው ሁለቱም ጎራዎች በዚያ ሕግ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዛሬ የሚሠራበት፣ አሁንም በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ፣ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 1ን ተመልከቱ። ስለ ወንጀሎችና ስለ ቅጣታቸው አስቀድሞ በማስጠንቀቅ ወንጀልን መከላከል ይላል፤ ይህ ቤካሪያ ነው። ማስጠንቀቁ በቂ ባልሆነ ጊዜ ደግሞ መቅጣት፣ ማረምና ተጨማሪ ወንጀል እንዳይፈጸም እርምጃ መውሰድ ይላል፤ ይህ የኋለኞቹ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው እንደ ጎልማሳ አይቀጣም፤ በጥበቃ ሥር ትምህርት፣ ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወደ ማረሚያ ተቋም መላክ የመሳሰሉ እርምጃዎች ናቸው ያሉት።

በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ችሎት ላይ ግን ዳኛው ፊት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ቆሟል፤ ጫማ የለውም፣ ወላጅም አብሮት የለም። ሕጉ ለወላጅ አደራ ስጠው ይላል፤ ወላጅ የለም። ወደ ተቋም ላከው ይላል፤ ቦታ የለም ይባላል። ያን ጊዜ የወንጀል መንስኤ የሚለው ክርክር መጽሐፍ ውስጥ አይቀርም፤ ዳኛው ለራሱ መልስ መስጠት አለበት። እኔ ብዙ ጊዜ ልጁ ያደረበትን ቦታ እጠይቅ ነበር፤ ማን ጋ እንደዋለ፣ ምን በልቶ እንደነበር። ለውሳኔዬ ከክሱ ይልቅ ይኸኛው ይጠቅመኝ ነበር።

---

ሦስተኛ ዓመት ሕግ

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ሲወጣ የዳኛውን ሥልጣን አጠበበ ይባላል፤ ያ ወደ ቤካሪያ መመለስ ነው?

---

ጡረተኛ ዳኛ

በከፊል ነው ልጄ። ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ችሎት ሁለት ዓመት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ሲሰጥ ሕዝቡ ፍትሕ በዕጣ ነው ይላል። መመሪያው ይህን ለማስተካከል ደረጃና እርከን አወጣ። በዚህ በኩል የቤካሪያ ስጋት ነው። ነገር ግን የማቅለያ ምክንያቶችን ዳኛው እንዲመዝን ትቶለታል፤ እንደ 1791ዱ የፈረንሳይ ሕግ እጁን አላሰረውም።

---

የሺካጎው

ሰላም ወገኖች። እዚህ ሺካጎ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ከወጣቶች ጋር እሠራለሁ። ሰነድ አገላባጭ ካርታው ተረሳ ብሏል፤ ካርታው እንደገና የተነሳው እኔ የምኖርበት ከተማ ነው።

የማኅበረሰብ ተመራማሪዎቹ ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይ የሕፃናት ፍርድ ቤቱን መዝገብ ወሰዱ። ፍርድ ቤቱ በ1899 የተቋቋመ ስለሆነ የረጅም ዘመን መዝገብ አለው። ለእያንዳንዱ ልጅ በቤቱ አድራሻ ላይ ነጥብ አደረጉ። የ1900ዎቹን መጀመሪያ፣ የ1917ን አካባቢ፣ የ1927ን አካባቢ ለየብቻ ሠርተው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ነጥቦቹ የሚከማቹት እዚያው ቦታ ነው፤ ከመሀል ከተማው አጠገብ፣ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ባለበት፣ ቤቱ ባረጀበት፣ ሰው እንደደረሰ ተከራይቶ ሲያልፍለት በሚለቀው ሰፈር።

በእነዚያ ሰፈሮች መጀመሪያ ጀርመኖችና አይሪሾች ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ፖላንዶችና ጣሊያኖች ገቡ፣ ቀጥሎ ጥቁሮች። ሕዝቡ በሙሉ ተለውጦ የጥፋቱ መጠን አልተለወጠም። ከሰፈሩ የወጡት ሰዎች ደግሞ ሌላ ቦታ ሲሰፍሩ የልጆቻቸው ጥፋት ቀነሰ። ነገሩ በዘር ወይም በደም ቢሆን ኖሮ ከሰዎቹ ጋር አብሮ በተሰደደ ነበር። በ1942 የወጣው መጽሐፋቸው ለእኔ የሎምብሮዞ የመጨረሻ ፍርድ ነው፤ የቪሌላ የሀገር ልጆች የሆኑት ደቡብ ጣሊያኖች ያሉበት ማስረጃ መሆኑ ደግሞ ልቤን ይነካዋል።

ዛሬም እዚህ «የእነዚያ ሰዎች ባሕርይ ነው» የሚል ወሬ እሰማለሁ፤ ከእኛው ሰዎች አፍም እሰማለሁ። እኛም ስንመጣ ርካሽ ኪራይ ያለበት ሰፈር ነው የገባነው። ልጆቻችንን ያተረፈልን ከዚያ መውጣታችን ነው።

---

ጠበቃ ዘሐዋሳ

የሺካጎው ወንድሜ፣ ማስረጃህ ግሩም ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። መዝገብ ላይ የሚገባው የተያዘው ልጅ ነው። ፖሊስ የሚዞርበት ሰፈር ነጥብ ይበዛበታል፣ ባለሀብቱ ሰፈር ልጁ ቢያጠፋ አባቱ ስልክ ደውሎ ይጨርሰዋል። ኬትሌ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ የምናውቀው ወንጀልና የማናውቀው ወንጀል ምጣኔ አይለዋወጥም ብለን ካልተነሳን ቁጥሩ አይናገርም ብሏል። በ1939 አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤድዊን ሰዘርላንድ የነጭ ኮሌታ ወንጀልን ያነሳው ከዚህ ነው፤ በመዝገብ ያለውን ድሃ ብቻ አይታችሁ ስለ ወንጀል መንስኤ ስትናገሩ በኩባንያ ቢሮ የሚሰረቀውን ከየት ታገቡታላችሁ ብሎ ነው የጠየቀው። የድህነትን ነገር ስናነሳ ድሃውን በሌላ በር ወንጀለኛ እንዳናደርገው እፈራለሁ።

---

ነዋሪነቴ ቱሪን

ጠበቃው ያልከው ልክ ነው። ደቡብ ጣሊያኖች እዚህ ሰሜን ለፋብሪካ ሥራ ሲመጡ የሆነባቸውም ይኸው ነበር፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኛ የስደተኞቹ ነው።

---

ሦስተኛ ዓመት ሕግ

የመጨረሻ ጥያቄ። ኤንሪኮ ፌሪ ከሎምብሮዞ ጎራ ይመደባል፤ ግን የመንገድ መብራት ምናምን ይላል የተባለ አለ። የትኛው ጋ ነው የማስቀምጠው?

---

ሰነድ አገላባጭ

ፌሪ ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው። ነጻ ፈቃድ የለም ብሎ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈ፣ ሎምብሮዞን እንደ መምህሩ ያከበረ፣ በኋላ የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ የሆነ ጠበቃ ነው። ወንጀል የሰውየው፣ የተፈጥሮ አካባቢውና የኅብረተሰቡ ውጤት ነው፣ በአንድ ማኅበረሰብ ሁኔታ ውስጥ ሊፈጸም የሚችለው ወንጀል ልክ አለው፣ ቅጣት ያን ልክ ብዙም አይቀንሰውም ይላል። ስለዚህ የቅጣት ምትክ የሚላቸውን አቀረበ። መንገዱን አብሩት፣ ዝርፊያው ይቀንሳል። ቀረጡን አንሱት፣ ኮንትሮባንዱ ይቀራል። ፍቺን ፍቀዱ፣ ሁለት ሚስት የሚያገባውና ሚስቱን የሚገድለው ይቀንሳል። ይህን ስታነብ የኬትሌ ልጅ ነው ትላለህ።

ግን በ1921 ያቀረበውን የሕግ ረቂቅ ስታይ ጥፋተኝነት የሚለው ሐሳብ ወጥቶ አደገኛነት ገብቷል። አንድ ሰው ምን አደረገ ሳይሆን ምን ያህል ያሰጋል ነው የሚጠየቀው፤ ስጋቱ እስኪያልፍም መጨረሻው ያልታወቀ እስር አለ። ረቂቁ አልጸደቀም። ፌሪ በስተመጨረሻ ከሙሶሊኒ ጋር ወግኖ በ1929 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የፋሺስቶቹ የወንጀል ሕግ ቅጣትን ከአንድ በኩል፣ የጥንቃቄ እርምጃን ከሌላ በኩል አድርጎ አንድ ላይ አስቀመጣቸው፤ የሞት ቅጣትንም አካተተ። ስለዚህ በፈተናው ላይ ፌሪን በአንድ ሳጥን አታስቀምጠው። የመንገድ መብራቱንና የ1921ዱን ረቂቅ ሁለቱንም ጻፍ፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው።